አንባቢው ዝም ያለ ጊዜ

ሐሙስ፣ በ3

ዛሬ ስብሰባ ላይ ደፍሬ ተናገርኩ። የኮምፒውተሮቻችን ኦፐሬቲንግ ሲስተም ፕሮግራም የሚጭንበትን መንገድ እየለወጠ ነው፤ ፕሮግራሞች የሚወርዱበት የድሮው የፓኬጅ ማከማቻም ሊዘጋ ነው። ሌሎቹ ቢሮዎች እስከ መዝጊያው ቀን ሊጎተቱ ነው ያሰቡት፣ እኛ ቀድመን እንግባ አልኩ። ሥራ አስኪያጁ ነገሩ ብዙም አልገባውም፤ "ቀድመን" የምትለዋ ቃል ግን ገብታዋለች።

"በድሮው አሠራር ፕሮግራሞቹ ዕቃ የሚዋዋሱ ጎረቤቶች ናቸው" አልኩት። "አንዱ ሲታመም ሌላውም ይታመማል። በአዲሱ ግን እያንዳንዱ ፕሮግራም የሚያስፈልገውን ሁሉ ይዞ፣ በራሱ ሳጥን ታሽጎ ነው የሚመጣው።"

"ታሽጎ!" አለ ደስ ብሎት። "በይ አንቺው ምሪው። ካማረልሽ የቴክኖሎጂ ክፍል ኃላፊነቱም ክፍት ነው።"

ማታ ለባሌ "ሥራ አስኪያጁ ሲስተሙን እንቀይር አለ" አልኩት።

"እሱ ነው ያለው?"

"አዎ፣ እሱ።"

"ይሁና" አለ። ከዚያ ስለሚያፈሰው ጣሪያ አወራን። የኔን ሐሳብ ለምን የሰውየው እንዳደረግኩት እንጃ። ሲሳካ እነግረዋለሁ፤ ያኔ ይደሰታል።

ሰኞ፣ በ7

የጥሪ መመዝገቢያ ፕሮግራማችን በአዲሱ ፓኬጅ ተዘጋጅቶ ተገኘ። የኔ ኮምፒውተር ላይ ጫንኩት። ሲያምር! ከፈትኩት፣ ዘጋሁት፣ የውሃ መቋረጥ መዘገብኩ፣ የመብራት ብልሽት ሰረዝኩ። አንዴም አልተንገዳገደ። ሥራ አስኪያጁ ከኋላዬ ቆሞ "ይኸ ነው እንግዲህ" ይላል።

እኛ ጋ የውሃና የመብራት ብልሽት ስልክ ከሚያነሱት አሥራ አንዱ ዓይነ ስውራን ናቸው። ባሌ አንዱ ነው፤ የተዋወቅነውም እዚሁ፣ የተበላሸ ሄድፎን ልቀይርለት ሄጄ ነው። በአንድ ጆሯቸው ደዋዩን፣ በሌላው ስክሪኑን የሚያነብላቸውን ፕሮግራም ይሰማሉ። አንባቢው እንለዋለን። እነሱ በሚሰሙበት ፍጥነት ለኔ ቆርቆሮ ላይ የሚወርድ ዝናብ ነው የሚመስለኝ።

ሻይ ሰዓት ላይ ጥሩምባ ያዘችኝ። ድምፅዋ ከስልኩ ቀድሞ ደዋዩ ጋ ይደርሳል ተብሎ ነው እንዲህ የምትባለው፤ እሷም ትኮራበታለች። "አንቺ ልጅ፣ አዲስ ነገር ልታመጪብን ነው አሉ። አንባቢያችንን እንዳትነኪብን!"

"ኧረ እሱን አልነካም፣ እትዬ።"

እውነቴን ነው። አንባቢው ባለበት ነው። የሚቀየረው ሌላው ነው።

"እንኳን አንቺ ሆንሽ" አለችኝ። "የኛን ነገር የምታውቂው አንቺ ነሽ።"

እሑድ፣ በ13

ቅዳሜንም እሑድንም ቢሮ ዋልኩ። ማሽኖቹን አንድ በአንድ አጥፍቼ አዲሱን ጫንኩባቸው። የድሮው ርዝራዥ እንዳይቀር ብዬ ሁሉን ጠራረግኩ። የጥሪ መዝገቡን አስቀምጫለሁ፤ የድሮዎቹ ፓኬጆች ግን ከእንግዲህ ምን ያደርጉልኛል? ወገቤ ተቆርጧል። ደስ ብሎኛል። ለነገ ብቻ ያድርሰኝ።

ሰኞ፣ በ14

ዝም አለ።

አንባቢው። በአሥራ አንዱም ማሽን ላይ። ሰዓቱን ያነባል፣ ፋይሎቹን ያነባል፣ የጥሪ መመዝገቢያው ጋ ሲደርስ ጭጭ።

ስልኩ ይጮሃል። ባሌ "ይቅርታ ጌታዬ፣ አንዴ ይጠብቁኝ" ሲል ሰማሁት። ደግሞ "ይቅርታ እመቤቴ፣ አንዴ ይጠብቁኝ።" ደግሞ።

ኋላ እጽፋለሁ።

ማታ

ታሽጎ ይመጣል ብዬ አልነበር? ታሽጎ መጣ። አንባቢው ከውጭ ያንኳኳል፤ ከውስጥ የሚከፍትለት የለም። ነገሩ ይኸው ነው፣ ከዚህ በላይ ምሥጢር የለውም። ይህን ለማወቅ እስከ ማታ ሱሪ እንደለበሰች ዶሮ ስሯሯጥ ዋልኩ።

ጠዋት ጥሩምባ ሄድፎኗን አውልቃ ተነሣች። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ስትናገር ሰምቻት አላውቅም ነበር። "እኔ ጋ ጠፍቷል። እናንተም ጋ ነው?" አለች። "እኔም ጋ" አለ አንዱ። "እኔም።" "እኔም።" ወንበር ለወንበር እየዞረ ሄደ። የመጨረሻው "እኔም" የባሌ ነበር።

እኔ መሃል ላይ ቆሜያለሁ። ትንፋሼን ውጬ ነበር፤ እዚያ መኖሬን ያወቀ የለም። ከሁሉም በዕድሜ የሚበልጡት ጋሼ ሰዓት (ሰዓት ሳያስነብቡ ስንት ሰዓት እንደሆነ የሚያውቁት) ብቻቸውን እንደሚያወሩ ዓይነት "አይዞሽ ልጄ፣ ጫማሽን አትጨርሺው፣ ቁጭ በይና አስቢ" አሉ። ለማን እንዳሉት አልገባኝም።

ቤት ስንገባ ባሌ ጠየቀኝ። "ሞክረሽው ነበር?"

"ሳምንቱን ሙሉ።"

"በምን?"

"በኔ ማሽን።"

"ማሽኑን አይደለም የምልሽ።"

ዕቃ እያጠብኩ ነበር። ቧንቧውን ጨመር አደረግኩትና ያልሰማሁ መሰልኩ።

ረቡዕ፣ በ16

ለታሸገው ፕሮግራም ከውጭ ጋር እንዲነጋገር ፈቃድ መስጠት ይቻላል። ትናንት ሙሉ ቀን ፈለግኩት፣ ዛሬ ጠዋት አገኘሁት። ሰጠሁት። አንባቢው ተናገረ! ሁሉም አጨበጨቡ፤ ጥሩምባ እልል አለች።

ከዚያ ማዳመጥ ጀመሩ።

"ቁልፍ። ቁልፍ። ቁልፍ። ሣጥን። ቁልፍ።"

የትኛው "መዝግብ"፣ የትኛው "ሰርዝ" እንደሆነ አይናገርም። አዲሱን ፓኬጅ ያዘጋጁት ሰዎች የቁልፎቹን ስም ለአንባቢው የሚነግረውን ክፍል ትተውታል። ስክሪኑ ላይ ስማቸው ተጽፎ ይታያል። ለሚያይ።

"አንቺ ልጅ" አለች ጥሩምባ "ይኸን ሁሉ ቁልፍ ያሸከምሽኝ፣ በሩ የታለ?"

ሁሉም ሳቁ። ባሌ አልሳቀም።

ዓርብ፣ በ18

ሥራ አስኪያጁ አሥራ አንዱንም ዕረፍት ውጡ አላቸው። "ነገሩ እስኪስተካከል" አለ። የመመለሻ ቀን አልነገራቸውም።

ከበሩ ውጭ ለሒሳብ ሹሟ "ዱሮውንም ዓይን ያለው ሰው ቀጥረን ቢሆን ይኸ ሁሉ ጣጣ ባልመጣ" ሲላት ሰማሁ። እኔ አጠገባቸው ገመድ እየጠቀለልኩ ነበር። ገመዱን ጠቅልዬ ጨረስኩ።

እየዘነበ ነበር። ሌላ ቀን ባሌ መውጫው ላይ ይጠብቀኝ ነበር፤ ዛሬ ወጥቼ ባየው የለም። ዝናቡን ጠልቶ ነው የቀደመኝ።

እሑድ፣ በ20

ቤቱ ጠቦናል። ባሌ የማይሠራ ነገር ሁሉ ፈልጎ ይጠግናል። የሚንጠባጠበውን ቧንቧ ጠገነ፣ የሚንቀጠቀጠውን ወንበር ጠገነ፣ የኔን የጃንጥላ ሽቦ አቃና። ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር።

"ይኸ ሰውዬ ነው ጉድ የሠራን" አልኩት። "ሳያስብ ቀድመን እንግባ እንግባ ብሎ።"

"ሰውየውን ተይው። አንቺ ምን ትያለሽ?"

እኔማ ብዙ አልኩ። ሥራ አስኪያጁን ከእግር እስከ ራሱ ሰደብኩት። ችኩልነቱን፣ ማዕረግ መውደዱን፣ ሰው የማይሰማ መሆኑን። ባሌ እስክጨርስ አዳመጠኝ። ደዋይ ሲያዳምጥ እንደሚያደርገው፤ ሳያቋርጥ፣ በትሕትና። ስጨርስ "ሌላ የሚጨምሩት አለ?" ይለኛል ብዬ ጠብቄ ነበር ማለት ይቻላል። "እሺ" ብሎ ተነሣ።

ደክሞታል። እኔም ደክሞኛል።

ማክሰኞ፣ በ22

ወደ ድሮው ልመለስ አልኩ። ማከማቻው ተዘግቷል። እኔ ስብሰባ ላይ "ሊዘጋ ነው" ብዬ ያስፈራራሁበት ማከማቻ በእርግጥ ተዘጋ። የድሮዎቹን ፓኬጆች ደግሞ በገዛ እጄ ጠርጌያቸዋለሁ። እኔው።

የፕሮግራሙን ባለቤቶች በስልክ አገኘኋቸው። ጨዋ ሰው ነው ያነሣው። "በሚቀጥለው ዓመት እትም ላይ እናስብበታለን" አለኝ።

"አሥራ አንድ ሰዎች ሥራ ፈትተው ቤታቸው ቁጭ ብለዋል።"

"አሥራ አንድ ብቻ?" አለ። ሊያጽናናኝ ፈልጎ ነው፤ ድምፁ እውነተኛ እፎይታ ነበረው።

ሐሙስ፣ በ24

ጊዜያዊ ሠራተኞች መጡ። ወንበሮቹ ላይ ተቀመጡ። ምን አጠፉ? ሥራ ነው የፈለጉት። አንዷ በጣም ቅን ልጅ ናት። የባሌ ኪቦርድ ላይ በጣት እንዲለዩ ብዬ ያጣበቅኳቸውን ነጠብጣቦች በጥፍሯ እየፋቀች አገኘኋት።

"ቆሻሻ መስሎኝ ነው" አለች ደንግጣ። ፊቴ ምን ሆኖ እንደነበር እንጃ።

"ተያቸው" አልኳት። ከዚያ ሽንት ቤት ገባሁ።

ዓርብ፣ በ25

ሥራ አስኪያጁ ቁርጡን ነገረኝ። በሚመጣው ወር በ5 ካልተስተካከለ አሥራ አንዱም ይሰናበታሉ። "ለነሱም ለኛም ግልጽ ይሁን" አለ። ደግሞ ፈገግ ብሎ "አንቺን አይመለከትሽም፣ የአዲሱ ሲስተም ሥራ ግሩም ነው" አለኝ።

መሰደብ ይሻላል።

ቅዳሜ፣ በ26

ቀኑን ሙሉ ስልክ ስደውል ዋልኩ። ያው ፕሮግራም ያለበት፣ ገና ወደ አዲሱ ያልተሻገረ ቦታ ፍለጋ። ሁሉም ወይ ተሻግሯል ወይ አያነሣም። በመጨረሻ ሌላ ከተማ ያለ የዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት ደረስኩ። ተማሪዎቹን በዚሁ ፕሮግራም የስልክ ሥራ ያሠለጥናሉ። ቴክኒሻኑ አነሣ።

"አዎ፣ የድሮው ነው ያለን። ሰኞ ነው ማጥፋት የምጀምረው።"

"እንዳትነካ!" ብዬ ጮህኩ።

በጣም በቀስታ "ማን ልበል?" አለኝ።

እሑድ፣ በ27

ለባሌ ነገ በአውቶቡስ እንደምሄድ ነገርኩት። "አብሬሽ ልምጣ" አለ።

"መንገዱ ረጅም ነው።"

"አውቃለሁ። ለዛ ነው ልምጣ የምልሽ።"

ዝናብ ነው፣ መቀመጫው አይመችም፣ ያጥወለውልሃል አልኩት። አጥወልውሎት አያውቅም። ስለሚበርደው ነው እምቢ ያልኩት።

ሰኞ፣ በ28

ከአውቶቡሱ ላይ ነው የምጽፈው፣ ለዚህ ነው ፊደሉ የሚዘለው።

ቴክኒሻኑ ሰውነቱ ሁሉ እጅ የሆነ ረጅም ሰውዬ ነው። ወሬ አያበዛም። የድሮዎቹን ፓኬጆች፣ ከነሱ ጋር የሚሄደውን ሁሉ፣ በዲስክ እየገለበጠልኝ "እናንተ ጋ ምን ሆነ?" ብሎ ጠየቀኝ። የሥራ አስኪያጁን ታሪክ ልጀምር አፌን ከፈትኩ።

"እኔ ነኝ" አልኩት። "ማንም አላዘዘኝም። ስብሰባ ላይ እጄን አውጥቼ ያቀረብኩት እኔ ነኝ።"

ለማላውቀው ሰው! ራሴን ስሰማው ደነገጥኩ።

ቀና ብሎ አየኝ። "እኔም እኮ ለዳይሬክተሯ ያቀረብኩት እኔው ነኝ" አለ። "በራሴ ፊርማ።" ተያየንና ሁለታችንም እንደ ሕፃን ሳቅን። ስስቅ እንባዬ መጣ። ውሃ ሰጠኝ። ከተሳካልሽ ላኪልኝ አለ፤ እስከዚያ አልነካም አለ።

ዲስኩን ጉያዬ ውስጥ ይዤዋለሁ።

ረቡዕ፣ በ30

ሐሳቡ እንዲህ ነው፦ የድሮውን ፕሮግራም፣ የቁልፎቹን ስም የሚናገረውን፣ ከነጎረቤቶቹ ከነዕቃቸው በአዲሱ ሳጥን ውስጥ ማሸግ። ይቻላል። ሲባል ቀላል ነው። አንዱን ሳስገባ ሌላው ጎደለ ይላል። ጎደለ ያለውን ሳመጣ የሱ ደግሞ ጎደለ። ቅድም ያስገባሁት ካሁኑ ጋር ተጣላ።

ባሌ ምሳ ቋጥሮልኝ ነበር። ሳልበላ ይዤው ተመለስኩ። ከቦርሳዬ አውጥቶ አነሣው፣ ክብደቱን ለካው፣ መልሶ አስቀመጠው።

ዓርብ፣ በ2

ይከፈታል። ይናገራል። "መዝግብ" ይላል፣ "ሰርዝ" ይላል። ስልክ ሲገባ ይሞታል። ስልክ ሲገባ!

ሦስት ቀን ቀረኝ። አልችልም። አልችልም ብዬ ደግሞ ለማን እነግራለሁ።

ቅዳሜ፣ በ3

ጠዋት ስወጣ ባሌ ለባብሶ በሩ ላይ ቆሟል። "ዛሬ ልምጣ ወይ ብዬ አልጠይቅሽም" አለ።

ቢሮው ባዶ ነበር። ወንበሩ ላይ ተቀመጠ፣ ኪቦርዱን ዳበሰ። ሁለት ነጠብጣብ መጉደሉን ያወቀ ይመስለኛል። እኔ ከሌላ ስልክ እየደወልኩ፣ እሱ እያነሣ፣ ደጋግመን ሞከርን። ፕሮግራሙ ይሞታል፣ አስነሣዋለሁ፣ ይሞታል።

"ከመሞቱ በፊት የስልኩን ጥሪ ድምፅ ሊያሰማ ይሞክራል" አለኝ። "ትንሽ ቅጭ የምትል ነገር አለች። አልሰማሽም?"

አልሰማሁም። ፈለግኩት። ድምፅ የሚያሰማውን ክፍል ሳላስገባው ቀርቻለሁ። ሳስገባው ያን ያህል ጊዜ አልፈጀም። ደወልኩ። አነሣ። አንባቢው የደዋዩን ቁጥር አነበበ፣ ባሌ መዘገበ፣ ዘጋ። ደግሞ ደወልኩ። ደግሞ ደወልኩ።

በደስታ መጮህ ነበረብኝ፤ እኔ ግን ስልኩን እንደያዝኩ "ሐሳቡ የኔ ነበር" አልኩት። በስልኩ ውስጥ ነው ያልኩት፤ እሱም በሄድፎኑ ነው የሰማው፤ በመሃላችን አንድ ጠረጴዛ ነበር።

"አውቃለሁ" አለ።

"ከመቼ ጀምሮ?"

"ከስብሰባው ቀን። በአዳራሹና በኛ ክፍል መሃል ያለው ስስ ጣውላ ነው። ሻይ ላይ ነበርን፣ ሁላችንም ሰማንሽ።"

"ሁላችሁም?"

"አሥራ አንዳችንም። ጥሩምባን ዝም ማሰኘት ቀላል መሰለሽ?"

ስልኩን አስቀመጥኩት። "ታዲያ ለምን አልነገርከኝም?"

"ነጋሪዋ አንቺ ነሽ እንጂ እኔ ነኝ እንዴ?" ሄድፎኑን አውልቆ ገመዱን ጣቱ ላይ ጠቀለለው። "ሐሳቡ የአንቺ መሆኑ አይደለም ያናደደኝ። ጥሩ ሐሳብ ነው፤ ስሰማሽ ኮርቼብሽ ነበር። ሳምንት ሙሉ በዓይንሽ ሞከርሽው። ማታ ማታ እኔ አጠገብሽ ቁጭ ብዬ።"



ሰኞ፣ በ5

ጠዋት በሁሉም ማሽን ላይ ጫንኩ። ሥራ አስኪያጁ መጥቶ ሰማ፤ ጭንቅላቱን ነቀነቀ። ከዚያ ቢሮው ጠርቶ ሁለት ወረቀት ሰጠኝ። አንዱ የክፍል ኃላፊነት ሹመቴ ነው። ሌላው የሚመለሱት ሠራተኞች ስም ነው። ጋሼ ሰዓት ራሳቸው ጡረታ ጠይቀዋል። ከዘጠኙ ስም ውስጥ የባሌን ፈለግኩ፤ የለም።

"ባልና ሚስት አንዱ የሌላው አለቃ ሊሆን አይችልም" አለ። "ደንብ ነው። እሱ ሌላ ቦታ አያጣም።"

ሹመቱን ጠረጴዛው ላይ መለስኩለት።

"ይኸን ሁሉ የደከምሽው ለዚህ አልነበር?"

"ነበር" አልኩት።

ጀግንነት አይደለም፤ ሹመቱን አሁንም እፈልገዋለሁ። ከሰዓት በኋላ የባሌን ስም ዝርዝሩ ላይ በእጁ ጨምሮ ላከልኝ። ኃላፊ ከውጭ ይመጣል አሉ።

ለትምህርት ቤቱ ቴክኒሻን ሳጥኑን ላክሁለት። "ደረሰኝ" ብቻ ብሎ መለሰ።

ሐሙስ፣ በ8

ተመለሱ። የጋሼ ሰዓት ወንበር ባዶ ነው። ትናንት ቤታቸው ሄጄ ለመንኳቸው። "አይ ልጄ" አሉኝ። "አንድ ጠዋት ስልኩ እየጮኸ ድምፅ አጥቼ ተቀምጫለሁ። ሁለተኛ አልቀመጥም። አንቺን ግን አልረግምሽም፣ ሂጂ።" ይህን ምን ላደርገው እንደምችል አላውቅም። ልመልሰው የማልችለው ነገር ነው።

ጥሩምባ ገና ስትቀመጥ ሕግ አወጣች። "ከዛሬ ጀምሮ እኔ ቁጭ ብዬ ሳልሰማው አንዲት ፓኬጅ እዚህ ቤት አትገባም! ሰማሽ?"

"ሰማሁ፣ እትዬ።"

"ጮክ በይ!"

"ሰማሁ!"

ከዚያ የመጀመሪያው ስልክ ገባ፤ ውሃ የተቋረጠባት አንዲት ሴትዮ ትጮሃለች። ጥሩምባ ከሷ በላይ ጮሃ አረጋጋቻት። ክፍሉ በሥራ ድምፅ ተሞላ። እኔ ጥግ ላይ ቆሜ አዳመጥኩ። ማየት አላስፈለገኝም።

ማታ ከባሌ ጋር አውቶቡስ ፌርማታው ላይ ቆምን። ሰልፉ ረጅም ነው፣ አውቶቡሱ የለም።

"ይቅር ብለኸኛል?" አልኩት።

አሰበበት። የምሩን ነው ያሰበበት፤ ፊቱን አየሁት።

"ገና ነኝ" አለ። "ግን ርቦኛል። በእግራችን እንሂድ።"